የዩኑስ ወረቀትና ኑዕማን ኢንተርናሽናል

ዳላስ አጠገብ ባለችው ዩለስ ከተማ ዩኑስ ሰይድ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀው የለም። ዩኑስ ሻትል በሉ፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ቤቱን ያሳያችኋል። ግሬፕቫይን ከተማ ካለ አንድ ሆቴል እስከ ኤርፖርቱ በሻትል መኪና በቀን አሥራ አራት ጊዜ እየተመላለሰ እንግዳ የሚያደርስ ሰው ስለሆነ ከመኪናው ጋር አጣብቀው ጠሩት። ይጥሩት! እንጀራው ነው፣ በእንጀራ አይታፈርም። ዩኑስን ሲያንገበግበው የኖረው የራሱ ቅጽል ስም አይደለም። የኑዕማን ነው። ኑዕማንን ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? ኑዕማን ኢንተርናሽናል!

ለምን ቢሉ፣ በወጣትነቱ ለብሔራዊ ቡድን ተጫውቷላ። ስንት ጊዜ? ሁለት ጊዜ። አንድ ጎል አግብቷል፤ ሁለቱንም ጨዋታ ግን ተሸንፈዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ዩኑስ ነው የሚጨምራት፤ ሌላ ሰው አይጨምራትም። ኑዕማን ዛሬ ከኤርፖርቱ አጠገብ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ያነሳል፤ ጉልበቱ ከማለቁ የተነሳ «ያ አላህ» ሳይል ከወንበር አይነሳም። ግን መስጊድ በር ላይ ሲደርስ ጎረምሳው ሁሉ ቦታ ይለቅለታል። ሠርግ ላይ ከሽማግሌዎቹ ተርታ ያስቀምጡታል። ልጆች ከበውት «ጋሼ ኢንተርናሽናል፣ ያቺን ጎል ይንገሩን!» ይሉታል። እዚያው ጎኑ የተቀመጠውን ዩኑስን ደግሞ «ጋሼ ዩኑስ፣ ነገ ፍላይት አለኝ፣ ያደርሱኛል?» ይሉታል። ኦኬ ይላል ዩኑስ፣ አንጀቱ እርር ድብን እያለ።

እንዴት አይረር? አብረው ነው ያደጉት። ሁለቱም የደሴ፣ የሸዋ በር ልጆች ናቸው፤ ለአንድ ቡድን ነው የተጫወቱት። ዩኑስ በግራ ክንፍ እየበረረ ኳሷን ያሻግራል፤ ኑዕማን መሐል ቆሞ ይጠብቅና በቴስታ ያገባል። በቃ። የኑዕማን ጎል ማለት የዩኑስ ሩጫ ማለት ነበር። ዳላስ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ማን አለ? ራሱ ዩኑስ ብቻ።

ሌላም እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ።

በ1984 ዓ.ም. ረመዳን ላይ ነው። አዲስ አበባ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ አለ ተባለና ሁለቱ ከደሴ ተጠሩ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ! እንግዲህ መንገደኛ ናቸው፤ መንገደኛ ደግሞ ጾሙን ቢፈታ ይፈቀድለታል፣ ያጎደለውን ቀን በኋላ ይጾመዋል። ሁለቱም ይህን አይስቱትም። ግን ወጣትነት አይደል? አውቶቡሱ ውስጥ ቃል ተገባቡ። «ጾመን እንጫወታለን፣ ጾመን እንመረጣለን! የሸዋ በር ልጅ ማን እንደሆነ ይዩ!» ሐሳቡን ያመጣው ዩኑስ ነው። ኑዕማን እጁን መታለት።

በማግሥቱ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በዕረፍት ሰዓት ዩኑስ ለዙህር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሲሄድ፣ ኑዕማን ቀድሞት ጎንበስ ብሏል። ‘እሱም ውዱእ እያደረገ ነው፣ እየተጉመጠመጠ ነው’ አለ ዩኑስ በልቡ። ግን የተጉመጠመጠ ሰው ይተፋል። ኑዕማን አልተፋም። ማንቁርቱ ላይ ታች ሲል ዩኑስ ቆሞ አየው። ኑዕማን ቀና ሊል ሲል ዩኑስ ከግድግዳው ኋላ ተሸሸገ። ኑዕማን እንዳላየው እርግጠኛ ነበር።

ከዚያማ ኑዕማን በሁለተኛው አጋማሽ እንደ ፈረስ ጋለበ። ዩኑስ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ፣ በሃያኛው ደቂቃ ባቱ ተኮማተረና ወደቀ፤ ተሸክመው አወጡት። ሊመሽ ሲል የስም ዝርዝር ተነበበ። ኑዕማን አለ፣ ዩኑስ የለም። መግሪብ ደርሶ ለማፍጠሪያ ተምር ሲታደል፣ ኑዕማን «ቢስሚላህ» ብሎ እንደ ጾመኛ ሰው አንዷን አነሳ። ለዩኑስ ግን ተምሯ በጉሮሮው አልወርድ አለችው።

ሠላሳ አራት ዓመት! ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው፤ እውነትም ሆዱን ፈጀው። ኑዕማን ሲሞገስ በሰማ ቁጥር ‘ቆይ ብቻ፣ አንድ ቃል ብናገር…’ ይላል ለራሱ። ይህች «አንድ ቃል ብናገር» የምትባል ነገር ስንቅ ሆነችው። ስንቱን ሠርግ፣ ስንቱን ዒድ በእሷ እንዳሳለፈው አትጠይቁኝ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከልክ አለፈ። የዳላስና የፎርትዎርዝ ሐበሻ ሙስሊሞች ከአረፋ በኋላ የሚያደርጉት የኳስ ውድድር አለ። አዘጋጁ ጦልሃ የሚባል ቀልጣፋ ወጣት ነው፤ ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የዓለም ዋንጫ እዚሁ ከተማ ሊመጣ ስለሆነ «ሶ፣ እኛም የራሳችንን ኢንተርናሽናል እናክብር» አለና የማስታወቂያ ፍላየር ሠርቶ ለሁሉም ላከ። ዩኑስ ተርሚናሉ ላይ እንግዳ እየጠበቀ ስልኩን ሲከፍት የኑዕማን ፊት ስክሪኑን ሞልቶ ተቀበለው። ከሥሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጾሞ ተጫውቶ ለብሔራዊ ቡድን የተመረጠው ጀግና!»

«ጾሞ?» አለ ዩኑስ ጮክ ብሎ። ሻንጣ ይዛ አጠገቡ የቆመች ፈረንጅ ደንግጣ ራቅ አለች።

ቦታዬን ወሰደ፣ እሺ። ስሙ ገነነ፣ እሺ። አሁን ደግሞ ጾሜን ይውሰድ? የጾምኩት እኔ! የወደቅኩት እኔ! አለ በልቡ። ያን ቀን የቀሩትን ስድስት ዙሮች ሁሉ በንዴት ነው የነዳው፤ አንዱን እንግዳ የሌላ አየር መንገድ በር ላይ አውርዶት ሄደ።

ቤት እንደገባ ሚስቱ ኡምሰልማ ከላውንደሪ ያወጣችውን ልብስ ስታጥፍ አገኛት።

«ልናገር ነው» አላት።

«ምኑን?»

ነገራት። ለሰው ሲነግር የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ኡምሰልማ ልብሱን ትታ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«እሱ ራሱ ነው ‘ጾሜያለሁ’ ያለው?» ብላ ጠየቀችው።

«አላስተባበለማ!»

«የወንድሙን ነውር የሸፈነ አላህ ነውሩን ይሸፍንለታል ሲባል አልሰማህም? ይህን ሁሉ ዓመት ሸፍነህ ሸፍነህ፣ አሁን ምን ነካህ?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ኡምሰልማ።»

«እሱስ ይጠራል። አንተን የያዘህ ግን እውነት አይደለም፤ ቅናት ነው» አለችው ቁርጥ አድርጋ።

ዩኑስ እውነት የተነገረው ባል እንደሚያደርገው ተቆጥቶ ከክፍሉ ወጣ። ከልጁ ደብተር አንድ ገጽ ቀዶ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና ጻፈ። ዓመተ ምሕረቱን ጻፈ፣ ቧንቧውን ጻፈ፣ ማንቁርቱን ጻፈ። ጨርሶ ለጦልሃ ኮል አደረገ።

«ጦልሃ፣ ቅዳሜ አምስት ደቂቃ ስጠኝ። ስለ ኑዕማን የምናገረው አለኝ።»

«ዋው፣ ጋሼ! ማለቴ፣ እርስዎ እኮ የዓይን ምስክር ነዎት! ፐርፌክት! ከሽልማቱ በፊት አስገባዎታለሁ።»

የዓይን ምስክር! አዎ፣ ነኝ እንጂ፣ አለ ዩኑስ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ዓርብ ዕለት፣ የዓለም ዋንጫው እንግዳ ከተማውን አጥለቅልቆት ሳለ፣ ከኤርፖርቱ አንዲት የሆላንድ አሮጊት አሳፈረ። ኮርኔሊያ ይባላሉ፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የአገራቸውን ቡድን ሊያዩ ብቻቸውን ነው የመጡት። ሻትሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ሀይዌዩ ላይ አደጋ ደርሶ መንገዱ ጥርቅም አለ። አሮጊቷ ጨዋታ ወዳድ ናቸው።

«ኳስ ትወዳለህ?» አሉት።

«ተጫዋች ነበርኩ» አለ ዩኑስ። ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ቃሉ አፉ ውስጥ እንግዳ ሆነበት።

«አያቴም ተጫዋች ነበር። ኢንተርናሽናል!»

ዩኑስ ይህን ቃል ሲሰማ መሪውን ጨበጥ አደረገ። እዚህም መጣ!

አሮጊቷ ግን ነገራቸውን ቀጠሉ። አያታቸው አድሪያን የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበር። ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1908 በፈረንጆቹ፣ ከፌዴሬሽኑ አንድ ፖስት ካርድ መጣለት፤ «ለብሔራዊ ቡድን ተመርጠሃል፤ ጥቁር ካልሲ ከቤትህ ይዘህ ና» ይላል። ያን ጊዜ ደመወዝ የለ፣ ቅያሪ ተጫዋች የለ። ኳሱ ቆዳ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብድና በቴስታ የመታው ሰው ሲያዞረው ይውላል። አድሪያን ሌሊት ሊጥ አቡክቶ፣ ጠዋት በሦስተኛ ማዕረግ ባቡር ተሳፍሮ፣ ከሰዓት ለአገሩ ይጫወታል። በአራት ዓመት ሰባት ጊዜ ተሰለፈ። ሁለት ጎል አገባ። እናቱ ካልሲውን እያጠቡ ምድጃ ላይ ያደርቁለት ነበር።

«ከዚያስ?» አለ ዩኑስ። ሳያውቀው ጆሮውን ሰጥቷል።

«ከዚያማ ስምንተኛው ጨዋታ እሑድ ዋለ። አያቴና ዊለም የሚባል የልብ ጓደኛው በሰንበት ኳስ ላይነኩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቃል ገብተው ነበር። ሁለቱም ፖስት ካርድ ደረሳቸው። አያቴ ‘አልችልም’ ብሎ መለሰው። ዊለም ካልሲውን ጠቅልሎ ሄደ።»

ዩኑስ ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናው ድሮውንም ቆሟል። «አገባ?» አላቸው።

«አገባ። ለአያቴ ከዚያ ወዲያ ፖስት ካርድ መጥቶለት አያውቅም። ሰማንያ አንድ ዓመት እስኪሆነው ዳቦ ጋገረ። የዊለምን ስም ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠራም።»

የዩኑስ ዓይን እንባ አቀረረ። ወላሂ ያ ሰው እኔ ነኝ! በሆላንድ አገር፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በጥቁር ካልሲ የነበርኩት እኔ ነኝ! ዘወር ብሎ አሮጊቷን ወንድሙን እንዳገኘ ሰው አያቸው። እሳቸውም ከቦርሳቸው ፎቶ አውጥተው ዘረጉለት። «ከነገ ወዲያ ስታዲየም ይዤው እገባለሁ፤ እሱም ይይ» አሉት።

አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ጢማቸው የተቀባ፣ ቁምጣቸው ጉልበት የሚያልፍ። አንዱ ግን ጭንቅላት የለውም። እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ ከአንገቱ በላይ በመቀስ ክብ ተደርጎ ወጥቷል።

«ይሄ ማነው?» አለ ዩኑስ በቀዳዳው ላይ ጣቱን አድርጎ።

አሮጊቷ ሳቁ። «አየህ? አንተም! ያየው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ዊለም ነው። አያቴ ሲሞት ፎቶውን መሳቢያው ውስጥ አገኘነው። ልጆቼ ‘ይሄ ሰው ማነው?’ እያሉ አላስቀምጥ ቢሉኝ የድሮ ጋዜጣ ፈልጌ ታሪኩን በሙሉ አገኘሁት። አያትሽ የትኛው ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም።»

ዩኑስ ፊቱ ጋለ። «የትኛው ናቸው?» አለ ዘግይቶ። አሳዩት። ከቀዳዳው ቀጥሎ የቆመ ቀጭን ልጅ ነው።

ሆቴሉ በር ላይ ፓርክ አድርጎ ሻንጣቸውን አወረደላቸው። ቀኑን ሙሉ ያ ጭንቅላት የሌለው ሰው ከዓይኑ አልጠፋ አለ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዩኑስ ደግሞ ወረቀቱንም ይዟል። ‘ሰውዬው የቆረጠው ፎቶ ነው፣ እኔ የምናገረው እውነት ነው፤ ምን አገናኘው?’ ብሎ ራሱን አሳመነ። ራሱን ማሳመን መቼ አቅቶት ያውቃል!

ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ ዩለስ ያለው ሜዳ ጢም ብሏል። ሙቀቱ ያቃጥላል። ሴቶቹ ከዛፎቹ ሥር ምንጣፍ አንጥፈዋል፤ ኡምሰልማም እዚያ ናት፣ ከጠዋት ጀምሮ ባሏን አላናገረችውም። ኑዕማን ከፊት ወንበር ላይ ጉልበቱን እያሸ ተቀምጧል። ጦልሃ ጠረጴዛ ላይ የታጠፈ አረንጓዴ ማሊያ አስቀምጦ ማይኩን አነሳ።

«ከሽልማቱ በፊት የዓይን ምስክር አለን! ጋሼ ዩኑስ!»

ዩኑስ ተነሳ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። እግሩ ያለወትሮው ቀለለው። ዛሬ አበቃ፣ ኑዕማን! ዛሬ ማሊያውን ሳትነካው ወደ ቤትህ ትሄዳለህ!

«ጦልሃ፣ አውፍ በለኝ፤ ከእሱ በፊት እኔ» አለ ኑዕማን። «ያ አላህ» ብሎ ተነስቶ ማይኩን ከጦልሃ እጅ ወሰደ።

«ይሄ ፍላየር ውሸት ነው» አለ። «ካየሁት ቀን ጀምሮ ላስተባብል ላስተባብል እያልኩ አፈርኩ። ጾሜ አይደለም የተጫወትኩት። ጠጥቻለሁ። ያውም ጥግብ እስክል!»

ሰው ሳቀ።

«መንገደኛ ስለነበርኩ ይፈቀድልኝ ነበር። ቀኑንም በኋላ ጾሜዋለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ያልተፈቀደልኝ ‘ጾመን እንጫወታለን’ ብዬ ለዩኑስ የገባሁትን ቃል ማፍረስ ነው። እሱ ጾሞ ተጫውቶ ወደቀ፤ እኔ ጠጥቼ ተመረጥኩ። ስጠጣ ደግሞ አይቶኛል። ከግድግዳው ኋላ ሲሸሸግ ጥላውን አይቻለሁ። ደሴ ስንመለስ ለአባቴ ይነግርብኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፤ አልነገረም። ዳላስ የገባሁ ቀን ‘ዩኑስ እዚህ ነው’ ሲሉኝ ተመልሼ ልሳፈር ቃጣኝ፤ አሁንም አልነገረም። ሠላሳ አራት ዓመት! ወገን፣ እንዲህ ያለ ጓደኛ ያለው ማነው? ይህ ማሊያ የእሱ ነው!»

ጭብጨባው ሜዳውን አናወጠው። «ዩኑስ! ዩኑስ!» ይላል ሰዉ፤ ሻትል የሚል የለም።

የዩኑስ የመጀመሪያ ሐሳብ ምን ነበር ቢባል፣ ሌባ! የሚል ነው። ያቺን ስንቄን፣ ያቺን አንድ ቃሌን እንኳ ነጠቀኝ! ተናግሮ እንኳ በለጠኝ! እኔ ብናገራት ምቀኛ የምባልባትን፣ እሱ ተናገራትና ሰው ወደደው። ከኳሱም ከስሙም ይልቅ በዚህ ቀናበት፤ አፍን ሞልቶ እንዲህ መናገር መቻሉ አቃጠለው። ቀጥሎ ማሊያው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ተሰማው።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ያንብቡልን!» አለ ጦልሃ።

ዩኑስ ወረቀቱ እጁ ላይ መሆኑን ረስቶት ኖሯል። «ይቅር» አለ። «ረጅም ነው።»

«አንብብ! አንብብ!» አለ ሕዝቡ። የኑዕማንን ሙገሳ የጻፈ መስሏቸዋል። ዩኑስ ወደ ዛፎቹ አየ፤ ኡምሰልማ ዓይኗን መሬት ተክላለች። ዝም ብሎ ማሊያውን ለብሶ ቢቀመጥ ማንም አያውቅበትም። ያቺ ሚስቱና አላህ ብቻ።

ማይኩን ያዘ። «እዚህ ላይ የጻፍኩት እሱ አሁን የነገራችሁን ነው» አለ። «ላጋልጠው ነው የመጣሁት። ቀንቼበት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሸፍኜለት አይደለም፤ አቆይቼበት ነው።»

ሜዳው ላይ አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅሳል። ዩኑስ ማሊያውን ከትከሻው ገፎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

ኑዕማን እጁን ዘረጋና ወረቀቱን ተቀበለው። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ቀና አለ።

«ስህተት አለበት» አለ። «አንድ ጊዜ አይደለም የጠጣሁት፤ ሁለት ጊዜ ነው። ከጨዋታው በፊትም ጠጥቼ ነበር። እሱን አላየህም።»

መጀመሪያ የሳቀችው ኡምሰልማ ናት። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተከተላት። ዩኑስ ሊስቅ አፉን ሲከፍት ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ድምፅ አልወጣ አለው፤ ጉሮሮው ክው ብሎ ደርቋል። ኑዕማን በረዶ ከሞላው ሳጥን አንድ ውሃ አውጥቶ ክዳኑን ፈታለትና «ጠጣ» አለው።

ዩኑስ ጠርሙሱን ተቀብሎ ሳይተነፍስ ጠጣ። ኑዕማን ወረቀቱን እንደያዘ፣ የዩኑስ ማንቁርት ላይ ታች ሲል ቆሞ አየው።